ጀማሉ የማይወጣበት ቢስክሌት

ዳምጤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የተመለሰው ከዚያ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ነው። ይዞ የመጣው ነገር ቢኖር የታናሽ ወንድሙ የወልደአማኑኤል ቢስክሌት ብቻ ነበር። ወልደአማኑኤል በዚያ ዓርብ ጠዋት ከሚሠራበት የአርመን ሱቅ እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘም። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና ልጇን ብቻውን በር ላይ ስታየው መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዳምጤ ቢስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የሌላ ሰው እናት የምታለቅስ ይመስል ቆሞ አያት። እንባ አልመጣለትም። ከዚያ ወዲያም አልመጣለትም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ይኸው ነው።

ጊዜው ሥራ የሌለው ጎልማሳ ተይዞ ለመንገድ ድንጋይ ፈላጭነት የሚነዳበት ነበር። ዳምጤን ከድንጋዩ ያዳነው ቢስክሌቱ ነው፤ የጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ መጋዘን በቡታጅራና በእንሴኖ ሰፈር መካከል መልእክት የሚያመላልስለት ሰው ሲፈልግ፣ የራሱ ቢስክሌት ያለው ስለሆነ ወሰደው። ለማን እንደሚሠራ፣ ተገቢ ይሁን አይሁን፣ ራሱን አልጠየቀም። ንዳ አሉት፤ ነዳ።

የሥራ ባልደረባው ሀብተጊዮርጊስ ይባላል። የእሱን ቢስክሌት የሰጠው መጋዘኑ ነው፤ አዲስ፣ ደወሉ የሚያብለጨልጭ፣ መብራት ሳይቀር ያለው። ሀብተጊዮርጊስ ቢስክሌት ነጂ ከሌላው ሰው የተለየ ፍጥረት እንደሆነ ከልቡ ያምን ነበር። "እኛ" ሲል ራሱንና ዳምጤን ማለቱ ነው። በአገሩ ወግ በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፣ እጅ ይነሳል፤ ሰዉም ከቢስክሌተኛ ያንኑ ይጠብቅ ነበር። ሀብተጊዮርጊስ ግን ደወሉን እያንጫረረ ሽማግሌዎቹን አቧራ አልብሷቸው ያልፋል።

ጀማሉ ደግሞ ሌላ ነው። የመስቃን የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ወሬ የሚወድ። ከአንድ አገሩን ለቆ ከሚሄድ ዓረብ አሮጌ ቢስክሌት ገዛ። መንዳት አይችልም፤ ለመንዳትም አልገዛውም። ሁለት ጆንያ በርበሬ ግራና ቀኝ በቃጫ ገመድ አስሮ ከገበያ ገበያ ይገፋዋል፤ አቀበት ላይ ሲደርስ "አይዞሽ" ሲለው የሰሙ አሉ።

"ጋሼ ጀማሉ፣ ሣር ትሰጣታለህ ወይ?" ይለዋል ሀብተጊዮርጊስ፣ ሲያልፍ።

"ያንተን ያህል አትበላም፣ ልጄ።"

ጀማሉ አይቀየምም። እሱ እንደሚያስበው ቢስክሌት ያለው ሁሉ ዘመድ ነው። ሁለቱን ባየ ቁጥር ጭነቱን በዳሌው ደግፎ ይቆምና ሰላምታውን ይጀምራል፤ እናት ደህና ናት ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ጎማው ደህና ነው ወይ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዳምጤ ዞሮ፣ ስለ ወንድሙ የተሰማ ወሬ እንዳለ ይጠይቃል። ዳምጤ እዚያ ላይ ሳይደርስ ያልፈዋል። ሰው ኩራት ነው አለ፤ ሀብተጊዮርጊስም ኩራት መስሎት ወደደለት። ኩራት አልነበረም። ከቆመ ለጥያቄው መልስ መስጠት አለበት።

በአንድ የገበያ ቀን ከመንገድ ሥራው ሰፈር ቢስክሌት ተሰረቀ ተባለ። ከእንሴኖ በሚያስገባው ኬላ ላይ አንድ ሹምባሽ፣ የጣሊያን ጦር የበታች አለቃ፣ ከአስካሪ ወታደሮቹ ጋር ሆኖ ቢስክሌት የያዘውን ሁሉ ያስቆም ጀመር። ዳምጤና ሀብተጊዮርጊስ የመጋዘኑ ሰዎች ናቸውና እለፉ ተባሉ። ሳይርቁ ጀማሉ ጆንያዎቹን እየገፋ ደረሰ። ሹምባሹ የማን ነው ሲለው የራሴ ነው አለ።

"ያንተ ከሆነ ውጣና ንዳው።"

"መንዳት አላውቅም፣ ጌታዬ።"

"የማይነዳውን የሚገዛ ማነው?"

"አህያም አለኝ፣ ጌታዬ። እሷንም አልጋልባትም።"

ገበያተኛው ሳቀ፤ ሹምባሹ አልሳቀም። በሌብነት የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቅ ነበርና ሳቁም ቶሎ ሞተ። ሹምባሹ ሁለቱን ቢስክሌተኞች መልሶ ጠራና ሰውዬውን ያውቁት እንደሆነ ጠየቀ። ሀብተጊዮርጊስ፣ መንገድ ላይ ሲገፋ እናየዋለን እንጂ ከእኛ ወገን አይደለም አለ፤ ዳምጤንም እንሂድ በሚል በክርኑ ነካው።

ዳምጤ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ቆመ። ፍርሃት ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። ርኅራኄም አልመጣም። ጀማሉ ግን ያየው ነበር፤ ሰላምታ እንደሚጠብቅ ሰው።

"አውቀዋለሁ" አለ ዳምጤ። "የራሱ ነው።"

"ዋስ ትሆናለህ?"

"እሆናለሁ።"

"እንግዲያው ያንተ እዚህ ይቆማል። በሚመጣው ገበያ የራሱን እየነዳ በፊቴ ይለፍ፤ ያን ጊዜ ትወስዳለህ። ካልቻለ ሁለቱንም እወስዳለሁ።"

ሀብተጊዮርጊስ መንገዱን ሙሉ ሲናደድ ሄደ። ለገፊ ብሎ ቢስክሌቱን የሚያስይዝ ሰው አይቶ አያውቅም። ዳምጤም መጋዘኑ ሄዶ ቢስክሌቱ መያዙን ተናገረ፤ ከሚመጣው ገበያ ማግስት በቢስክሌት ካልመጣ ስሙ ወደ ድንጋይ ፈላጮቹ እንደሚተላለፍ ተነገረው።

ትምህርቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ከብት መዋያ ላይ ተጀመረ። ጀማሉ ሽርጡን ሰብስቦ ኮርቻው ላይ ይወጣል፤ ዳምጤ ከኋላ ይዞ ይሮጣል። የጀማሉ ባለቤት ሃሊማ ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ በወደቀ ቁጥር ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። አንድ ጊዜ እንሰት ውስጥ ገባ፤ አንድ ጊዜ ጥጃ አስደነበረ። እየነዳ ወሬ አይችልም፤ መሪውን እንደ ጠላት ጨብጦ ጸጥ ይላል። አንድ ከሰዓት፣ እንዲያ ጸጥ ብሎ ሲሄድ፣ ዳምጤ ከጀርባው እየሮጠ ተናገረ።

"ወንድሜ ሞቷል፣ ጋሼ ጀማሉ።"

ጀማሉ "ኢንና ሊላሂ" ብሎ ዞሮ ሊያየው ሲል ሁለቱም ወደቁ። ጉልበቱ እየደማ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ለወልደአማኑኤል አለቀሰ። ሃሊማም መጥታ አለቀሰች። ዳምጤ መሐላቸው ተቀምጦ የተጣመመውን መሪ አቃና።

ገበያው ደረሰ። ኬላው ላይ የቆመው ግን ሌላ ሹምባሽ ነበር፤ ያኛው ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። ዳምጤ ስለ ዋስትናውና ስላስያዘው ቢስክሌት ሊያስረዳው ሞከረ። አዲሱ ሰው ምን ቢስክሌት፣ ወረቀት አለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወረቀት አልነበረም። ይህን ሲባባሉ ጀማሉ እየተንገዳገደ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እየነዳ በፊታቸው አለፈ። ሹምባሹ ቀና ብሎም አላየው።

አለፈ ብቻ ሳይሆን አልቆመም። ለካ ዳምጤ መውጣቱንና መሄዱን አስተማረው እንጂ፣ ሁልጊዜ በመውደቅ ስለሚጨርሱ፣ መቆሙን አላስተማረውም። ጀማሉ "ዳምጤዋ!" እያለ ወደ ጨው ነጋዴዎቹ አመራ፤ ዳምጤም ክርክሩን ትቶ ሮጠና ኮርቻውን ያዘ።

ሁለቱም እያለከለኩ ቆሙ። ጀማሉ ከወረደ በኋላ ወደ ኬላው አየ፤ የዳምጤ ቢስክሌት እንደሌለ ገባው።

"ነገ ለድንጋዩ ይወስዱሃል" አለ።

"ይውሰዱኝ።"

"እንካ፣ ይኸን ያዝ።"

ዳምጤ መሪውን ያዘ። ማመስገን እንዳለበት ያውቃል። ጀማሉ ግን ምስጋና አልጠበቀም፤ ሲነዳ ጉልበቱን እንዴት እንዳመመው እያወራ ጆንያዎቹን ፍለጋ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ዳምጤ የመጋዘኑን መልእክት በኪሱ፣ የጀማሉን በርበሬ ከኋላው አድርጎ በቡታጅራና በእንሴኖ መካከል ይመላለስ ነበር። ሀብተጊዮርጊስ ጆንያ ከጫነ ሰው ጎን መሄድ አልፈለገም፤ ቀድሞት ይሄዳል። የወልደአማኑኤልን ቢስክሌት ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ቀረ። እናቱ አንድ ጊዜ ጠየቀችው፤ በዋስ ቀረ አላት። ለማን ስትለው ለጀማሉ አለ። እሷም በርበሬ የነካውን ልብሱን ልታጥብለት ተቀበለችው።