ምሥራቅ ያነበበችው ውል

ምሥራቅና ኤቢሴ ቀራንዮ አብረው አድገው፣ ሕግም አብረው ተምረው ነው የተመረቁት። ከዚያ ምሥራቅ ኮልፌ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል የክስ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ኤቢሴን ግን የቧንቧና የመብራት ጠጋኝ በስልክ የሚያስጠራ አፕ ያለው ድርጅት ቀጠራት። ሥራዋ የአፑን የአጠቃቀም ውልና የግላዊነት ፖሊሲ መጻፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» ብሎ የሚያልፈውን ጽሑፍ።

ምሥራቅን ያንገበገባት ይሄው ነው። ማንም ለማያነበው ነገር እንዲህ መከበር! እናቷ ወይዘሮ ሰርኬ ደግሞ ያባብሱታል።

«ኤቢሴ እኮ ታክሲ ስጠብቅ አይታኝ እስከ በር በመኪናዋ አደረሰችኝ። እንዴት ያለች ልጅ ናት!»

«እንግዲያ እሷን ልጅሽ አድርጊያት» አለች ምሥራቅ።

አንድ ቅዳሜ አፑን ስልኳ ላይ ጫነችና ፖሊሲውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስህተት ፍለጋ ነበር። መጀመሪያ ያበሳጫት ግን ማማሩ ነው፤ አማርኛው ጥርት ያለ፣ እናቷ እንኳ የሚረዱት። ወደ መጨረሻው ሌላ ዓይነት አንቀጽ አገኘች፤ ድርጅቱ የደንበኛውን ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ሳያስፈቅድ «ለሥራ አጋሮቹ» ሊሰጥ ይችላል ይላል። ልቧ በደስታ ዘለለ። አንቀጹን ከኤቢሴ ስም ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። «የቤታችሁን አድራሻ አሳልፋ የሰጠች የሕግ ባለሙያ ይቺ ናት» ብላ ጻፈችበት።

ሰው ተቀባበለው። ብዙዎች አፑን ከስልካቸው አጠፉት፤ ድርጅቱም አንቀጹን አነሳው። ብዙም ሳይቆይ ኤቢሴ ከሥራ ተባረረች፤ በዚያው ቀን ወደ ምሥራቅ ቢሮ መጣች።

«እኔ አይደለሁም ያስገባሁት» አለች በር ላይ ቆማ። «የድርጅቱ ባለቤት ጉልላት ነው። አይሆንም እያልኩት ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። ደውለሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ምሥራቅ ወንበር እንኳ ሳታቀርብላት ኤቢሴ ሄደች።

ከዚያ ጉልላት ራሱ ደወለ፤ አንቀጹን ያጋለጠችው ራሷ ከገባች ደንበኛ ይመለሳል ብሎ የኤቢሴን ቦታ ሊሰጣት። ምሥራቅ አፈረች፤ ግን እሺ አለች። ገና የኤቢሴ ወንበር ላይ ከመቀመጧ ጠራት።

«ያ አንቀጽ ይመለስ። ሰው እንዳይደነግጥ አነጋገሩ ብቻ ይለዝብ።»

«ደንበኛው ካልፈቀደ አልጽፈውም።»

«ኤቢሴም እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አለ ጉልላት በረጅሙ ተንፍሶ።

ቃሉ ምሥራቅን ወጋት። ለአንድ ጊዜ ደፋር ብትሆን፣ በዚያም ኤቢሴ ቀድማታለች። ሥራውን ለቀቀች። ፌስቡክ ላይ እውነቱን ጻፈች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ይሄኛውን ጥቂት ሰው ነው ያየው።

ጥቂቱ ግን ለኤቢሴ በቂ ነበር። አፕ የሚሠሩ ወጣቶች እየፈለጓት ዘነበወርቅ የራሷን ቢሮ ከፈተች። ምሥራቅ በታክሲ ስታልፍ ታፔላውን አየችና «ወራጅ አለ!» አለች።

ኤቢሴ ሁለት ደንበኞች እያነጋገረች ነበር። ይቅርታ፣ አንዴ ጠብቁኝ ብላቸው ወደ በሩ ወጣች፤ ምሥራቅ ይቅርታዋን ተናግራ እስክትጨርስም ሰማቻት።

«ቂም የለኝም» አለቻት። «እንደ ድሮው እንሁን ካልሽኝ ግን አልችልም።»

ምሥራቅ ተሰናብታት ሄደች። ፌርማታው ላይ ቆማ ስታስበው ግን፣ ከኤቢሴ መልስ ይልቅ ያንገበገቧት እነዚያ ሁለት ደንበኞች ነበሩ።