ከኔ የሚሻል ካለ

አባቴ ቄስ ነበሩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለች አንዲት ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀድሰዋል። ሲቀድሱ ድምፃቸው ከቅጽሩ ውጭ ይሰማል፤ ቤት ሲገቡ ግን ንግግራቸው ሹክሹክታ ነው። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ከሹክሹክታም በታች ነበርን። እንግዳ ባለበት አፉን የከፈተ ልጅ፣ እንግዳው ተሸኝቶ በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። "ዝም አይነቅዝም" ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እኔ አልነቀዝኩም። ጎተራ ውስጥ ግን ቀረሁ።

ከሁሉ አብልጠን የተማርነው እምቢ ማለትን ነው። ሰው ቤት ሄደህ "ብላ" ስትባል "በልቻለሁ" ትላለህ። ደግመው ሲሉህ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላለህ። "በሞቴ!" ሲመጣ ነው እጅህን የምትታጠበው። በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ የቀረበ ልጅ ሆዳም ነው፣ አሳዳጊ የበደለው ነው። አንጀቴ እየጮኸ "ጠግቤያለሁ" ያልኩበት ቤት ብዙ ነው። ደግነቱ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ደንቡን ያውቅ ስለነበር ሳልበላ የወጣሁበት ቤት የለም።

አድጌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆንኩና አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ተመደብኩ። ወረዳው ላዩ ብርድ፣ ታቹ ሙቀት ነው፤ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው አልዩ አምባ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ያንን ቁልቁለት የክትባት ሣጥን ተሸክሜ ስወርድ ስወጣ ኖርኩ። ሥራዬን እወደው ነበር። ነገር ግን እናቴ አረፈችና አባቴ ብቻቸውን ቀሩ። እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን መብላት አያውቁም። ጎረቤታቸው ምሳ ሠርታ ታቀርብላቸዋለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ሳይነካ ታገኘዋለች። ስትቆጣቸው "ሰው ሲመጣ እበላለሁ" ይሏታል። ይህን በስልክ የነገረችኝ ቀን እኔም ምሳዬ አልወረደልኝም።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን ባለው መሥሪያ ቤታችን የቡድን መሪ ቦታ ክፍት ነው ሲባል ተመዘገብኩ። መሥሪያ ቤቱ ከአባቴ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብዬ አብሬያቸው እበላለሁ፤ ሹመት የፈለግኩት ለዚህ ነበር። ሌላ ምክንያት ያለው ሰው ይኖር ይሆናል፣ የኔ ይኸው ነው።

የፈተናው ቀን ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ኮሚቴው ተቀምጧል፤ መሐል ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አሉ። ስለ በግ ፈንጣጣ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ክትባት ዘመቻ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። በመጨረሻ ኃላፊው ፈገግ አሉና፣

"ለዚህ ቦታ ከሌሎቹ ሁሉ አንተን የምንመርጥህ ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ኧረ እኔ ምን አለኝና፤ ከኔ የሚሻል ካለ ለሱ ይሁን" አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

ደፍቼም ጠበቅኩ። በኛ ቤት ይህ ቃል የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። አሁን "ኧረ ካንተ የሚሻል ከየት ይመጣል" ይሉኛል፤ እኔም ትንሽ አንገራግሬ እሺ እላለሁ። አንደኛው ግን ሰዓቱን አየ። ኃላፊው "እናመሰግናለን፣ ጨርሰናል" አሉ። ከወጣሁ በኋላ እንኳ መልሰው ይጠሩኛል ብዬ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ከኔ ቀጥሎ የገባው ጎረቤላ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ነው። በሩ ስስ ስለሆነ ድምፁ ይሰማኛል፤ "እኔ ያንን ዘመቻ መርቻለሁ፣ እኔ ይህንን በሽታ አስቁሜያለሁ።" ከዘረዘረው ግማሹን በገዛ እጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው አይባልም፤ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቦታው ለሱ ሆነ።

ለአባቴ ሄጄ ስነግራቸው ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

"ደግ አደረግህ ልጄ" አሉ። "ጨዋ ሰው ለሹመት አይሻማም።"

"አባ፣ እነሱ እኮ ሁለተኛ አይጠይቁም።"

"አይጠይቁም?"

"አይጠይቁም።"

ቆብ ያረፈበትን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ታዲያ እነሱ ቤት እንግዳ እንዴት ይበላል?"

በእሳቸው አልናደድ ነገር አባቴ ናቸው፤ ግን ተናደድኩ። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውን የተረተው ያው የኛው አገር ሰው አይደለም እንዴ? እሱን የሚያስተምረኝ ለምን ጠፋ? ዝምታውን ብቻ መርጠው ያጎረሱኝ ለምንድን ነው?

ከጊዜ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የንግግር ክህሎት ሥልጠና አዘጋጀ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። "የሰውን ዓይን ዓይኑን እዩ። 'እኔ' በሉ። ዝም የምትሉበትን ቦታ እወቁ፤ ዝምታም ይናገራል" አለን። ተራዬ ደርሶ "ከኔ በላይ የምታውቁ እያላችሁ..." ብዬ ስጀምር እጁን አነሳና፣ "ተቀመጥ፤ እንደ አዲስ ተነሥተህ ና" አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁን ጠላሁት፤ ያለውን ግን ያዝኩ።

ጎረቤላ ተመልሼ ልምምዱን ቀጠልኩ። ለክትባት በረት ውስጥ የተሰበሰቡ በጎች ፊት ቆሜ "እኔ..." እያልኩ እናገራለሁ። በጎቹ ከኮሚቴው ይሻላሉ፤ ሰዓት አያዩም። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት በጎቻቸውን እየነዱ ደረሱብኝ።

"አንተ ልጅ፣ ደግሞ ለበግ መስበክ ጀመርክ?"

"ሰው እምቢ ቢለኝ ነው እማማ።"

"የቄስ ልጅ ምን ታደርግ! በል ስበክና ቶሎ ውጋልኝ፣ ያሰጣሁትን ገብስ የሚያፍስልኝ የለም።"

በዚህ መሐል አባቴ ታመሙ። የመንገዱን ነገር አገሬው ያውቀዋል፤ ያን ሰሞን ለመኪናም ለእግረኛም ተዘግቶ ነበር። ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ስንት አገር ነው? ድሮ በእግር ይሄዱት የነበረ መንገድ ነው። እኔ ግን በስልክ ጎረቤታቸውን "ምን በሉ? ጠጡ?" እያልኩ ቀረሁ። መንገዱ ሲከፈት ደረስኩ። የደረስኩት ለቀብር ነበር።

ካህናቱ የሕይወት ታሪካቸውን ልጃቸው ያንብብ አሉ። የድሮው እኔ ብሆን ከኔ የሚሻል ሰው ይፈለግ ብዬ እሸሽ ነበር። አሁን ግን ተነሥቼ ቆምኩ። የሰውን ዓይን እያየሁ፣ ከወረቀቱ ቀና እያልኩ ተናገርኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሰው እስኪመጣ ብለው ምሳቸውን ሳይነኩ ይውሉ እንደነበር ነገርኩና፣ አሠልጣኙ እንዳለው እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ለቅሶው እዚያው ላይ ፈነዳ። "ሠራ" ስል ራሴን በሆዴ ሰማሁት። የአባቴ አስከሬን ፊቴ ተቀምጦ ማለት ነው። ራሴን እንዲያ የተጸየፍኩበት ቀን የለም።

ማታውን ድንኳን ውስጥ ኃላፊው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ለካ እንዲህ ትናገራለህ! የት ደብቀኸው ኖረህ ነው?" አሉኝ። ባልደረባዬ ወደ ክልል ተሹሞ ስለሄደ ቦታው ተመልሶ ክፍት እንደሆነም ነገሩኝ። "ማስታወቂያው ሲወጣ እንዳትቀር።"

አልቀረሁም። ያው ክፍል፣ ያው ረጅም ጠረጴዛ፣ ያው ጥያቄ።

"ለዚህ ቦታ አንተን የምንመርጥህ ለምንድን ነው?"

"ከኔ የሚሻል ስለሌለ ነው" አልኩ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

ኃላፊው ግራና ቀኛቸው ወደ ተቀመጡት ዞረው፣ "ቀብሩ ላይ ሰማሁት ያልኳችሁ እሱ ነው" አሉ። ሁሉም ደስ አላቸው። ስወጣ ጨብጠውኝ ነበር።

ይኸው አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ስብሰባ እመራለሁ፣ መድረክ ሲኖር አስቀድሞ የሚጠራው ስሜ ነው። የአባቴን ቤት ተከራይ ገብቶበታል፤ በምሳ ሰዓት በዚያ በኩል አላልፍም። የምበላው ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ነው። "እንብላ" ሲሉ ገና ቃሉ ሳያልቅ እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ። እንግዳ እንዴት ይበላል ብለው ጠይቀውኝ ነበር አባቴ፤ እንዲህ ነው የሚበላው።