አባዬ ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጭኖ የወጣ ለት

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ባለቀ ማግስት ተማሪዎቻችን ደብተራቸውን ቀዳደው ግቢው ውስጥ ይበትኑታል። የፊዚክስ ቀመር አጥር ተሻግሮ አስፋልቱ ላይ የባጃጅ ጎማ ሲረግጠው ስንቴ አይቻለሁ። በዚህ ነገር ትዕግስት የለኝም። ኬሚሴ ውስጥ ቁጡ መምህርት ናት ሲባል የምጠራው እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሂጃቧን እያስተካከለች «ቲቸር፣ ጨረስን እኮ!» የምትለኝን ልጅ ጆሮዋን ቆንጠጥ ባደርጋት ደስ ይለኛል። ምኑን ነው የጨረሳችሁት?

ስለ እውቀት የተጻፈ ጥቅስ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አልወድም። ልጆቹም ቀና ብለው አያነቡትም። ስለዚህ አስቀምጣቸውና ስለ አባዬ እነግራቸዋለሁ።

አባዬ የማሾና የማሽላ ነጋዴ ነው። ከሰንበቴ ገበያ ገዝቶ ኬሚሴ እየሸጠ ነው እኛን ሁላችንን ያስተማረን። በወጣትነቱ ግን ደረሳ ነበር፤ ኪታብ ፍለጋ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሸህ ደጅ እያደረ፣ የአገሬው ሰው የሚያመጣለትን እየበላ የሚማር የዲን ተማሪ። አንድ የፊቅህ፣ የሃይማኖት ሕግ ኪታብ እየተማረ ሳለ አባቱ ሞቱበትና ታናናሾቹን ሊያሳድግ ተመለሰ። ያቋረጠው ደግሞ የት ላይ ነው? የሶላቱን፣ የጾሙን፣ የዘካውን ምዕራፍ ተምሮ፣ ስለ መሸጥና መግዛት የሚናገረው ምዕራፍ ሊጀመር ሲል። ከዚያ ተነስቶ ሄደና ዕድሜውን ሙሉ ሸጠ፣ ገዛ።

ይህ ነገር ሲከነክነው እንደኖረ አናውቅም ነበር። ያወቅነው የመጨረሻው ወንድማችን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣ ጊዜ ነው። ፍየል ታርዶ፣ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ዱዓ ተደረገ። ተመራቂው የምረቃ ልብሱን ሳያወልቅ «አልሀምዱሊላህ፣ ከትምህርት ተገላገልኩ» አለ። አባዬ ግን ከእንግዲህ መጋዘኑን ታላቅ ወንድሜ እንዲይዘው፣ እሱ ኪታቡን ካቋረጠበት ሊቀጥል መሆኑን ተናገረ። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

«ነገ አላህ ስለ ንግዴ ሲጠይቀኝ፣ ምዕራፉ ጋ ሳልደርስ ነው ልለው ነው?» አለ። ሳቁም ቆመ።

ኪታቡን ያስጀመሩት ሸህ ሞተዋል። አሁን ከጨፋ ሮቢት አለፍ ብሎ የሚያስተምሩት የእሳቸው ደረሳ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከታላቅ ወንድሜ አይበልጥም። ወንድሞቼ ተጨነቁ። እዚሁ ኬሚሴ መስጊድ ተማር አሉት፣ ስልክ ላይም ትምህርቱ ሞልቷል አሉት። እሱ ግን፣ ተማሪ ነው ሸሁ ወዳሉበት የሚሄደው እንጂ ሸሁ ተማሪው ኪስ ውስጥ አይገቡም አለ። ግትር ነው፤ ከማን እንደወረስኩ ይኸው ታወቀ።

እማዬ ምንም አላለችም። ሽርጡን አጠበች፣ ስንቁን ቋጠረች፣ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልላ በገመድ አሰረች፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን አንድ ቃል አላናገረችውም። መለየቱ ከብዷት ነው ብለን ተውናት።

ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ፍራሹን ባጃጅ ላይ አስጭኖ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ኬሚሴ በሙሉ አየው። በእኛ ሰፈር አባወራ መኝታውን ይዞ ከቤት ከወጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ከሚስቱ ተጣልቷል። ሽበት ያበቀለ ሰው ሲሆን ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ ወሬው ባቲ ደረሰና እዚያ ያገባችው እህቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። አባዬ ሌላ ሚስት አገባ ወይ ትለኛለች። አዎ፣ ኪታብ አገባ አልኳት። አልሳቀችም።

በዚያ ሳምንት እኔም በየቀኑ እየደወልኩ እጠይቀው ነበር። ምግቡ ደህና ነው፣ ወጣቶቹ ደረሶች አባባ እያሉ ውሃ ይቀዱልኛል አለኝ። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲገባ ሸሁ ለሽበቱ ብለው ብድግ ይላሉ። ሸሁ ሲቆሙ እሱ ደግሞ ለእውቀታቸው ብሎ አይቀመጥም። እሳቸው ይቀመጡ ሲሉ፣ እሱ መጀመሪያ እርስዎ ሲል፣ ሁለቱም እንደቆሙ ትምህርቱ ሳይጀመር ይረፍዳል። በመጨረሻ አባዬ ዘዴ አገኘ፤ ሸሁ ሳይመጡ ቀድሞ ገብቶ ከወጣቶቹ መሃል ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ይህን ሲያወራልኝ ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እንዲያ የወደድኩት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ሐሙስና ጁምዓ ደረሳ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ አባዬንም በስልክ አስጠርተውታል። ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው፣ አቧራ እንደለበሰ ገባ። ትልቁ ሽማግሌ «አካም ጅርቱ» ብለው የሁላችንንም ደህንነት ከጠየቁ በኋላ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስለ ትዳርና ስለ ሶብር፣ ስለ ትዕግስት ረጅም ምክር ሰጡ። አባዬ አልተጣላሁም ብሎ ቢምል፣ የተጣላ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው አሉት። ለመማር ነው የሄድኩት ቢል እርስ በርስ ተያዩ። በዚህ ዕድሜ ሰው ፍራሽ ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል ብሎ ማን ይመን! ተመራቂው ወንድሜ ሳቁን አፍኖ ወደ ጓሮ ወጣ።

ሽማግሌው ወደ እማዬ ዞሩ።

«እህታችን፣ እስቲ አንቺ ንገሪን። አስቀይሞሻል?»

«አዎ» አለች።

አባዬ ደንግጦ ቀና አለ። እኔም የያዝኩትን ትሪ አስቀመጥኩ።

«ፍራሹን ያሰርኩለት እኔው ነኝ» አለች እማዬ። «ሊማር ሄደ፤ ማሻአላህ፣ አላህ ይጨምርለት። የንግዱን ጥያቄ ፈርቶ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የሰገድኩት በፋቲሃና በሁለት አጫጭር ሱራ ነው። እሱንም ከሰው አፍ የለቀምኩት ነው፤ ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። ልጆቹ ይማሩ ተባለ፣ ተማሩ። አሁን እሱ ሄደ። እኔንስ፣ አንቺስ አላህ ፊት አትቆሚም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነው?»

በየቀኑ ክፍል ሙሉ ልጅ የማስተምር ሴት፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ደፉ፤ ሁሉም ቤታቸው ሚስት አለቻቸው።

አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ከተቀመጠበት ተነስቶ ምንጣፉ ላይ እማዬ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«ወላሂ፣ አላሰብኩትም» አላት። «አፉ በይኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። አባዬ ትምህርቱን እንዲቀጥል፣ ሐሙስና ጁምዓ ግን ቤቱ እየመጣ እሷን እንዲያስተምር ፈረዱ። እንዲህ ያለ እርቅ ጨርሰው እንደማያውቁ ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸው ተናገሩ። ከዚያም በሉ አፉ ተባባሉ ብለው ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ።

«አፉ ብያለሁ» አለች እማዬ። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ አባዬ ዞረች። «ዱዓው ትንሽ ይቆየን። ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? አስጀምረኝ።»

ሽማግሌዎቹ የዘረጉትን እጅ መልሰው ጭናቸው ላይ አሳረፉ። አባዬም በእነሱ ፊት እንባውን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ፣ ከመጀመሪያው ፊደል፣ ከአሊፍ ጀመረላት።