የመትረየስ ኮምፒውተር

መትረየስ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው የሚላችሁ ካለ ይዋሻል። አንድ ቀን የታይፕ ክፍሏ በር ላይ ቆሜ ስትጽፍ ሰማሁና «ይቺ ሴትዮ ታይፒስት አይደለችም፣ መትረየስ ናት!» አልኩ። በማግስቱ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ መትረየስ ሲላት ዋለ። መጀመሪያ ኮስተር አለች፤ ኋላ ግን ወደደችው። ስልክ ስታነሳ ራሷ «አቤት፣ መትረየስ ነኝ» ማለት ጀመረች።

እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ተላላኪ ነበርኩ። ጡረታዬ ደርሶ እንኳ በኮንትራት ያስቀሩኝ ያለ እኔ ቤቱ አይሄድም ብለው ነው። ተላላኪ ስላችሁ እንዳትንቁኝ። ስምንት ሥራ አስኪያጅ ተቀብዬ ስምንት ሥራ አስኪያጅ ሸኝቻለሁ። አንደኛው ደረጃ ላይ አዳልጦት ሲወድቅ በጀርባዬ ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ወንበር የሚሰብር ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። ቢሆንም ዲግሪ የጫኑት ሰዎች ፎቶኮፒ ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ ሲያቃስትባቸው «ኧረ ጋሼን ጥሩልን!» ነበር የሚሉት። ምስጢሩን ለማንም አልነገርኩም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ። ማሽኑ ቆሞ መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግባችሁ ትልቁን ቁልፍ መጫን ነው። በቃ። ሠላሳ ጊዜ ቢቆም፣ ሠላሳ ጊዜ ትልቁን ቁልፍ።

ወደ እሷ ልመለስ፤ ወሬ እኮ ወሬን እየጎተተ ነው።

መትረየስ ባሏ ሲሞት ልጇ ገና ጡት አልጣለችም። ያቺን አንድ ልጅ በአሥር ጣቷ አሳደገቻት። በአሥር ጣቷ ስል ለአባባል እንዳይመስላችሁ፤ በሥራ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ ቅዳሜና እሁድ የሰው ማመልከቻና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስትጽፍ ነው የኖረችው። ክፍሏ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ራሷ የሠራችው ዳንቴል። በቁልፎቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ ከመታሸት ብዛት ተፍቆ አልቆ የቁልፍ ሰሌዳው ራሰ በራ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ስሙን አይጽፍም። እሷ ግን ዓይኗ ከወረቀቱ ሳይነሳ፣ አፏ እኔን እየሰደበ፣ እጇ ብቻውን ይሮጣል።

የምትጽፍበት ዘዴ የድሮው ነው። በብረት ታይፕ ጊዜ ፊደል ልክ እንደ ልብስ ነበር የሚሰፋው፤ መጀመሪያ ገላውን ትመታላችሁ፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትቀጥሉለታላችሁ። ኮምፒውተር ሲመጣ አንድ ሰውዬ ያንኑ የእጅ ልማድ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ይሸጥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ገዛላትና እጇን ሳትቀይር ከብረቱ ወደ ኮምፒውተሩ ተሻገረች። ሀብቷም ንብረቷም ይኸው ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲቀራት፣ «ጋሼ፣ ይቺን ክፍል ይዤ፣ እየጻፍኩ ልውጣ እንጂ ሌላ አልመኝም» ትለኝ ነበር።

ይህን ስትል ዘጠነኛው ሥራ አስኪያጅ መጣ።

ሰውዬው ከሲታ ነው፣ ችኩል ነው። ኮምፒውተሮቹ ተንቀራፈፉ፣ ቫይረስ በላቸው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይከፍተውም ብሎ፣ ሁሉም ፎርማት ይደረጉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ አለ። ሥራው የወደቀው በማን ላይ መሰላችሁ? በመትረየስ አማች ላይ። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ እሱ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ልጅቷን ያያት ለእናቷ ጃንጥላ ይዛ የመጣች ቀን ነው፤ በሩን የከፈትኩላት እኔ ስለሆንኩ የጋብቻው መነሻ እኔ ነኝ ማለት ነው። መትረየስ «አማቼ» ብላ ጠርታው አታውቅም፣ «ልጄ» ነው የምትለው። ሰው ሁሉ ይቀናባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ፎርማት ማለት ቤትን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ነው» ብሎ አስረዳኝ። «ከማፍረሴ በፊት ግን የአሮጌውን ቤት ምስል አነሳለሁ።»

«ፎቶ?»

«ፎቶ አይደለም። ከነግድግዳው፣ ከነዕቃው፣ ከነአቧራው ይገለበጥና እዚህች ውስጥ ይገባል።» ከኪሱ ጥቁር ሳጥን አወጣ፤ መዳፍ የማትሞላ ሃርድ ዲስክ። «አዲሱ ቤት ካልተመቸ ግማሽ ሰዓት ነው። አሮጌው እንዳለ ተመልሶ ይቆማል።»

በሦስት ቀን አሥራ አንዱን ጨረሰ። የእሷን መጨረሻ አደረገው። ዓርብ ጠዋት ሲመጣ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«የእኔን ተወው ልጄ። የእኔ ምኑ ታመመ?»

«እማማ፣ ትእዛዝ ነው። ምስሉን ሳላነሳ ግን አልነካውም። አዲሱ እጅዎ ላይ ካልገባ ሰኞ ጠዋት እመልስልዎታለሁ፣ ሥራ አስኪያጁንም እኔው አስረዳዋለሁ።»

«እመልሳለሁ አልክ?»

«እመልሳለሁ አልኩ፣ እማማ።»

«ጋሼ፣ ምስክር ነህ!»

«እኔ ያልመሰከርኩበት ነገር በዚህ ቤት መቼ ተደርጎ ያውቃል?» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ልጁ፣ አማቿን ማለቴ ነው፣ ቃሉን ጠበቀ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። የአሮጌውን ምስል አነሳ፣ ወደ ሳጥኗ ከተተ፣ መግባቱን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ አፈረሰ፣ አዲሱን ጫነ። እሷ ዕረፍት ጠይቃ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ «ሲያርዱት ቆሜ አላይም» ብላ። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአዲሱንም ምስል ማንሳት፤ ነገ ቢበላሽ መመለሻ እንዲሆን። እሱን አስጀምሮ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እየጨመረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ልጃቸው ትምህርት ቤት ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ እዚህ ቁጭ በሉልኝ። ገመዱን ማንም እንዳይነቅለው፣ ማንም እንዳይነካው። ካለቀ ይለቅ፣ ከቆመም ተዉት፣ ስመለስ አየዋለሁ።» ብሎኝ ሮጠ።

ከቆመም ተዉት ብሏል። ሰምቻለሁ። ጆሮዬ እስከ ዛሬ ደህና ነው።

እኔም በመትረየስ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት በዚያ ክፍል ስመላለስ አንድ ቀን «ተቀመጥ» ብላኝ አታውቅም። ቁጥሩ ይቆጥራል፣ እኔ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ሁለቱ የሒሳብ ክፍል ሴቶች በበሩ ሲያልፉ «እንዴ ጋሼ፣ ኢንጂነር ሆኑ?» አሉኝ። «ታዲያስ! ያለ እኔ ይሄ ሁሉ ማን ይጠብቀዋል?» አልኳቸው። ሳቁ። ደረቴ ነፋ አለ።

እነሱ ከማለፋቸው ቁጥሩ ቆመ።

ስክሪኑ መሐል ላይ አንዲት ካርድ መሳይ ብቅ አለች። ውስጧ የፈረንጅ ጽሑፍ፣ ከሥሯ ሁለት ቁልፍ መሳይ፣ አንደኛው ብልጭ ድርግም ይላል። ጠበቅኩ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አሁንም ቆሟል። ሴቶቹ ሲመለሱ ቆሞ ቢያገኙት ምን ይሉኛል? ልጁስ ተመልሶ ሲመጣ፣ ጋሼ መጠበቅ እንኳ አቃታቸው አይለኝም? ደግሞስ የቆመ ማሽን ለእኔ ብርቅ ነው?

ከሰሌዳው በቀኝ በኩል ያለውን ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩት። ካርዷ ጠፋች፣ ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አላደረግኩም።

ልጁ ወደ ማታ ላይ ሲመጣ ሥራው አልቋል። «አስጨርሼልሃለሁ!» አልኩት። ትንሹ ልጁ ክንዱ በጄሶ ታስሮ መተኛቱን ነገረኝ፣ አመሰገነኝ፣ ሳጥኗን ወደ ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት መትረየስ ተቀመጠች። ራሰ በራው ሰሌዳ ተቀይሯል፣ የኮምፒውተሩም ሆድ ዕቃ አዲስ ነው። አሁን «ለ»ን ለመጻፍ የፈረንጁን «ኤል» ፈልጎ መምታት፣ ከዚያ ድምፁን የሚቀይረውን ሌላ የፈረንጅ ፊደል ፈልጎ መጨመር ነው። እጇ በለመደው ይሄዳል፣ የሚወጣው ጽሑፍ ግን የሰከረ ሰው ንግግር ነው። በአንድ ጣቷ መልቀም ጀመረች። ጧ... ጧ... ጧ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስሰማ መትረየሱ የአዳኝ ጠመንጃ ሆኗል። እስከ አራት ሰዓት አንዲት ደብዳቤ አላለቀችም።

«ልጄ፣ መልስልኝ» አለችው። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ ተስፋዋ ኪሱ ውስጥ አለ።

ሳጥኗን ሰካ። ከፈተ። ነቀለ፣ እንደገና ሰካ።

«ምነው?» አለች።

«የለም።»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«የእርስዎ አሮጌው ምስል። ሳጥኗ ሞልታ ኖሯል፤ ሲሞላ የዚሁ ኮምፒውተር የቀድሞው ምስል ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልተባለ አያጠፋም።» ዞሮ አየኝ። እኔ የቀኑን ደብዳቤዎች ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት ጥያቄ ብጤ ጠይቆ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልጠየቀ» አልኩ።

አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላዘዝኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን አዋቂ የተባልኩ ሰው...

ልጁ ግንባሩን ያዘ። «እንግዲያው እኔው ነኝ። ስልኩ ሲጮህ ደንግጬ ሳላየው ተጭኜው ይሆናል።»

መትረየስ ዞራ አየችው። «እመልሳለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች።

ልጁ ያላደረገው የለም። የጠፋውን ለማውጣት ሞከረ፤ በላዩ ላይ አዲሱ ተጽፎበታል፣ ውሃ በልቶታል። ያንን ዘዴ የሸጠውን ሰውዬ ፍለጋ ወጣ፤ ሱቁ ፀጉር ቤት ሆኗል፣ ሰውዬው ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ «ጥፋቱ የእኔ ነውና ጊዜ ይሰጣት» ብሎ ለመነ። ሥራ አስኪያጁ የሰጠው አንድ ወር ነው። ወሩ ሲያልቅ «ለአንዲት ደብዳቤ ሁለት ሰዓት የምጠብቅበት ምክንያት የለም» አለና ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ወረወራት። ማኅተም መምታት፣ ፋይል ማመላለስ። መስኮት የለውም። የእሷን ክፍል ለፎቶኮፒ ማሽኑ ሰጡት። ለማሽኑና ለእኔ።

ከዚያ ወዲህ «ልጄ» ቀረ። «የልጄ ባል» ሆነ። ቤታቸው ስትሄድ እሱ ሲገባ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጇ አንድ ቀን መሥሪያ ቤት ድረስ መጥታ ደረጃው ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ቢነግሯት፣ እርስዎን ትሰማለች» አለችኝ። እኔን!

ሰባት ወር ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። አልፈጀውም። እኔን ነው የፈጀኝ። ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

«መትረየስ፣ ዓርብ ዕለት ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

ማኅተሟን እየመታች ነው። «የቱን ቁልፍ?»

«የኮምፒውተርሽን። ጠየቀኝ፣ እኔ እሺ አልኩት። አማችሽ ምንም አላጠፋም።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።

«ጋሼ፣ የጣራውን ፍሳሽ ያገኘኸው አንተ። ሌባውን በአንድ እጅህ የያዝከው አንተ። ሊፍቱን ከሁለት ፎቅ መሐል ያስወጣኸው አንተ። አሁን ደግሞ ኮምፒውተሬንም ያጠፋኸው አንተ? ምናለ አንዱን እንኳ ለሌላ ሰው ብትተውለት!»

«እውነቴን ነው። እናቴ ትሙት!»

«እናትህ ስንት ጊዜ ትሞታለች?»

«ስሚኝ እንጂ...»

ሳቋ ቆመ። «እሱ ነው የላከህ። ሽማግሌ ሰው በውሸት ከሚያስምል ራሱ አይመጣም?» ማኅተሟን አነሳች። «አይ፣ እሱም አይምጣ። ሂድ በቃ ጋሼ፣ ሥራ አለብኝ።»

ወደ ልጁ ወጣሁና ለእሱም ነገርኩት። አንድ የሰው ኮምፒውተር ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ እየጠረገ ነበር። እጁ ቆመ። እስካሁን ሲሰድበኝ እጠብቃለሁ።

«ለእማማ ነገሯት?» አለኝ በመጨረሻ።

«ነገርኳት። አንተ የላክኸኝ መሰላት።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «እንግዲያው ከእንግዲህ ይተዉት። ደግመው ቢነግሯት በእኔ ይብስብኛል። በሩን ዝጉልኝ፣ ጋሼ።»

ዘጋሁለት።

ጊዜዋ ደርሶ ጡረታ የወጣች ዕለት በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ለስላሳና ኬክ ቀረበ። አበባ ተሰጣት። ተናገሪ ሲሏት ተነሳች፤ የሒሳብ ክፍሎቹን አመሰገነች፣ ጥበቃውን አመሰገነች፣ ከሲታውን ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር አመሰገነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ከሁሉ በላይ ግን ጋሼን። ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው» አለች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ዞር ብዬ ወደ በሩ አየሁ። አማቿ ስሙ ሳይጠራ ቆሟል፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ። እሱም ያጨበጭብልኛል።