ከአባቴ ጋር ብረት ፍለጋ፦ ከኔታንያ ወደ ሃይፋ

ከኔታንያ ተነሥቼ ሃይፋ ድረስ የሄድኩት አውራ ጣት ለምታህል ብረት ብዬ ነው። በዒላማ ተኩስ ክለባችን የምወዳደርበት አሮጌ ጠመንጃ መዝጊያው፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ ቆልፎ የሚይዘው ክፍል፣ ጫፉ ላይ ጠጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣበት። አሠልጣኜ አይቶ፣ «በዚህ አንድም ጥይት አትተኩሺም» አለኝ። ውድድሩ ደግሞ ዓርብ ነው። የዚያ ጠመንጃ አዲስ መዝጊያ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለው መንገድ ከልዩ ልዩ አሮጌ መሣሪያዎች የተፈቱ ክፍሎችን መርጦ ማገጣጠም ብቻ ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ፣ ፈቃድ ያለው ኒሲም የሚባል ናሻክ፣ ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ሃይፋ እንዳለ ነገሩኝ።

አባቴን ይዤ ለመሄድ ያሰብኩት ማታውኑ ነው። አባቴ ጎንደር ሳሉ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ፣ የተበላሸ ጠመንጃም የሚጠግኑ ቀጥቃጭ ነበሩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተሳፍረን ከመጣን ሰባተኛ ዓመታችን ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ መዶሻ አልጨበጡም። ፋብሪካ ቢጠይቁ «ዕድሜህ ገፍቷል፣ ዕብራይስጥም አትችልም» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ውሏቸው መስኮቱ ሥር ነው።

«አባዬ፣ ነገ ብረት ልናይ እንሂድ?» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ብረት?»

«የጠመንጃ።»

ጧት ስነሣ ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

መንገድ

ታሃና መርካዚት፣ ያው የአውቶቡስ ጣቢያው፣ ወደ ሥራ በሚጣደፍ ሰው ተጨናንቋል። አይብ የተሞላበት ትኩስ ቡሬካ ገዛን፤ አባቴ አንዱን ቀምሰው «ዘይቱ በዛ» አሉና ሁለተኛውን ጨመሩ። ጠመንጃው በቦርሳው ተቆልፏል፣ ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ፈቃዱን ገልብጦ አየና፣ «ለሜዳሊያ ነው?» አለኝ። «ከተሳካልኝ» አልኩት። «እንግዲያው ወደ ኋላ ሂጂ፣ እዚያ ሰፊ ነው» ብሎ ሳቀ።

አውቶቡሱ የብርቱካን ማሳዎቹን አልፎ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ሐዴራ ላይ የኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ብቅ ሲሉ አባቴ አንገታቸውን በመስኮት አሰገጉ። «ይህ ሁሉ እሳት ወናፉን ማን ይነፋለታል?» አሉ። ከዚያ በኋላ በስተቀኝ ቀርሜሎስ ተራራ፣ ከሥሩም የሙዝ ተክል መጣ። ልቤ ዝም ብሎ ይዘል ነበር። የማሽን ቴክኒክ ተማሪ ነኝ፤ የብረት ዓይነቶችን ስም በቃሌ አውቃለሁ፤ ጠመንጃ ውስጥ ተገጣጥመው ሲሠሩ ግን አይቼ አላውቅም።

ኒሲም ዘንድ

ሱቁ ከወደቡ በላይ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ኒሲም ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የጎላ፣ የአባቴ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። መዝጊያዬን ብርሃን ላይ ይዞ ገለበጠውና «ይህ ሞቷል» አለ። ከመደርደሪያው በቅባት የተነከሩ አሮጌ ክፍሎች የሞሉበት ትሪ አውርዶ ፊታችን ዘረገፈው። 

አባቴ ሳይጠይቁ ሞረድ አነሡ። አንዱን ጫፍ ገዘገዙት፤ ሞረዱ ነከሰው። ሌላውን ሞከሩ፤ ሞረዱ መስታወት ላይ እንደሄደ ተንሸራተተ። «ይህ ነው!» አሉ በደስታ። «ይህ የወንድ ብረት ነው!»

ተረጎምኩለት። ኒሲም ራሱን ነቀነቀ። ከመሳቢያ ለሁለት የተሰበረ ክፍል አውጥቶ አባቴ መዳፍ ላይ አኖረው። «ይህም ሞረድ አይነካውም ነበር። እስከ ውስጡ ድረስ ጠንካራ ስለሆነ ምት ሲበዛበት እንደ ሸክላ ተሰበረ። ምት የሚቀበለው ክፍል ሆዱ ለስለስ ማለት አለበት። የሚፋተገው ክፍል ደግሞ ቆዳው ይጠንክር። ቀለሃውን ጎትቶ የሚያወጣው ምላስ እንደ ሞላ ይታጠፍና ይመለስ። አንድ ብረት ይህን ሁሉ አይችልም።»

አባቴ ስብራቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ። «ተሳስቻለሁ» አሉ ፊታቸው እየበራ። «እንደ ማጭድ ነው እኮ! ጀርባው ለስላሳ ብረት፣ ስለቱ አረብ ብረት። ጠመንጃም እንደዚያ መሆኑን ማን ነገረኝ!»

ከዚያ በኋላ መተርጎም አቃተኝ። ሁለቱ ትሪውን ለመቧጠጥ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ግንዱን፣ ማለትም የመዝጊያውን ዋና አካል፣ ከአንዱ ጠመንጃ፣ ጫፉን ከሌላው፣ ምላሱን ከሦስተኛው መርጠው ገጣጠሙ። የሚያምር መዝጊያ ሆነ። ኒሲም ግን ከጥይት ጥቂት የሚረዝም የብረት መለኪያ አስገብቶ ሲዘጋው፣ መዘጋት ያልነበረበት መዝጊያ ክርር ሳይል ተዘጋ።

«ሎ፣ አይሆንም» አለ። «ክፍተቱ ሰፋ። በዚህ ከተተኮሰ ቀለሃው ፊትሽ ላይ ይፈነዳል።»

ዓርብ ከእጄ የወጣ መሰለኝ። ኒሲም ግን መሰላል ላይ ወጥቶ በወረቀት የተጠቀለሉ ጫፎች አወረደ። አባቴ እየገጠሙ፣ ኒሲም እየለካ፣ አንዱ አጠረ፣ አንዱ ረዘመ፣ በመጨረሻ አንዱ ልክ ሆነ። ሊጨባበጡ ሲሉ መዝጊያውን ተቀብዬ ከፈት ዘጋ አደረግኩት። እጄ ላይ ጎረበጠኝ። አወጣሁና አየሁት፤ የሚቆልፍበት ጆሮ ላይ አዲስ ጭረት ወጥቷል።

«የግንዱ ቆዳ አልቋል» አልኩ። «ለስላሳ በለስላሳ እየተፋተገ ነው፤ ሊናከሱ ነው።»

ኒሲም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተመለከተ። «እውነቷን ነው» አለና ግንዱን ወረወረው። ቆዳው ያላለቀ ግንድ ፈልገን መለካቱን ከሀ ጀመርን። ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ፤ ግን አንዳችንም መቀመጥ አላሰብንም።

አዲሱ መዝጊያ ልክ ሆኖ ሲገጥም፣ የመጀመሪያውን ጥይት በእጅ አንተኩስም ተባለ። ምድር ቤት ወዳለው መሞከሪያ ወርደን ጠመንጃውን ብረት ጠፍንጎ በሚይዝ ሞርሳ አሰሩት። ከግንብ ጀርባ ተደበቅን፤ ኒሲም ከቃታው ጋር የታሰረውን ገመድ ለአባቴ ሰጣቸው። ሳቡት። ድምፁ ጆሮዬን ደፈነው። ኒሲም ቀለሃውን አውጥቶ በማጉያ መነጽር እያገላበጠ አየው።

«በሰደር!» አለ። ደኅና ነው ማለቱ ነው።

አባቴ «እሰይ!» ብለው ኒሲምን ከነመነጽሩ አቀፉት።

መመለስ

ስንመለስ ፀሐይ ባሕሩ ላይ ተንጋላ ነበር። አባቴ ጥቁር ዘይት የነካውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

«አገር ቤት» አሉኝ፣ «ባለርስቶቹ ጠመንጃቸውን ሲያመጡ እጠግንላቸዋለሁ። ስመልስላቸው በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ነው የሚቀበሉኝ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይሉ የለ? እጄን እንዳይነኩ ነው።» «ይህ ሰውዬ ሞረዱን ከእጄ ተቀብሎ፣ በሱሪው ጠርጎ መልሶ ሰጠኝ። አየሽው?»

አላየሁም ነበር። ጭረት ፍለጋ ዓይኔ ብረቱ ላይ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ የእጃቸውን ዘይት አይታ ሳሙና አቀረበች። «ቆይ፣ እራቴን ልብላበትና» ብለው አሳቋት።

ዓርብ ተወዳደርኩ፤ አራተኛ ወጣሁ። ሜዳሊያ አይሰጥም፤ መዝጊያው ግን ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ቅቤ እንደተቀባ ሄደልኝ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት፣ ጠንካራ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ጥንካሬ እንደሌለው ነው፤ መጽሐፉ ላይ አንብቤው ነበር፣ ያመንኩት ግን ስብራቱን አባቴ መዳፍ ላይ ሳየው ነው።

እሑድ ጧት ወደ ኮሌጅ ልወጣ ስል አባቴ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር፤ ሸሚዛቸውን ለውጠዋል።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ኒሲም ዘንድ። አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ስትገቢ ና ብሎኛል።»

«በምን ቋንቋ?»

«ሞረዱን አሳየኝ፣ ወንበሩን አሳየኝ፣ ‘ዮም ሪሾን’ አለኝ። እሑድ ማለት አይደለም እንዴ?» ኮታቸውን አስተካክለው ወደ መንገዱ ወረዱ። «ይልቅ አውቶቡሱ የቱ ጋ እንደሚቆም ንገሪኝ፤ አታድርሽኝ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።»