ዳኛ ሆኜ የፈረድኩባት ሥዕል

ነገሩ የሆነው አምና፣ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ብቻዬንም ብሆን ፊቴ ይግላል።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጠሩኝና ወጣት ሠዓሊያንን ለማበረታታት በሚካሄድ ውድድር ዳኛ ሆኜ መመረጤን ነገሩኝ። ስለ ሥዕል ምንም እንደማላውቅ ባስረዳቸው፣ "ሰሌዳ ላይ ሽቦና አምፖል ስትሥል አይቼሃለሁ" አሉኝ። በዚህ ሙያዬ ዳኛ ሆንኩ። ሁለተኛዋ የሂሳብ መምህርት ነበሩ፤ እሳቸውም ክብ በኮምፓስ አሳምረው ስለሚያወጡ ይመስለኛል። ሰብሳቢያችን ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላኩ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ሰው ናቸው። እሳቸው በምን እንደተመረጡ አልተነገረንም።

ሥዕሎቹ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቅለው ጠበቁን። አቶ ሽፈራው በማስመሪያ የተሠመረ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ሲያዩ ፊታቸው በራ። "መስኮቶቹ እኩል ናቸው" አሉ። እኛም ጠጋ ብለን እኩል መሆናቸውን አረጋገጥን።

ቀጥሎ ባለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በከሰል የተሠራ ሥዕል ፊት ቆምን። መናኸሪያ ውስጥ፣ የድንች ጆንያ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ናቸው። መኪና አይታይም፤ መዘግየቱን ግን የአንገታቸው አዘነባበል ይናገራል። ሠዓሊዋ ትርንጎ የምትባል፣ ከገሳይ በኩል መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት።

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ። "ይሄ ፎቶግራፍ ነው" አሉ። ወረቀቱን በጣታቸው ቢያሹት ጣታቸው ጠቆረ። እሱንም የማተሚያ ቤት ቀለም በደንብ ስላልደረቀ ነው ብለው አስረዱን። ስላጭበረበረች ከውድድሩ ትሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። አወጣን። አንደኛው እጅ የእኔ ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም።

ትርንጎ ተጠርታ ውሳኔው ሲነገራት አላለቀሰችም። እዚሁ ፊታችሁ ልሣል አለች። አቶ ሽፈራው ሳቅ ብለው "እንግዲያው እኔን ሣዪኝ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክራቫታቸውን አቃኑ፤ ደረታቸውን ነፉ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሐውልት ሆኑ። ሐውልትነት ግን ያደክማል፤ ትከሻቸው ቀስ በቀስ ወረደ። ልጅቷ እስከዚያ ዝም ብላ ስታያቸው ቆይታ ከሰሉን ያነሳችው ያኔ ነው።

ስትጨርስ ሁላችንም ተጠግተን አየን። ወረቀቱ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ጥርጥር የለውም። ግን ጠዋቱን ሙሉ አብረናቸው ውለን ያላየነው ሰው ናቸው። "እኔን አይመስልም" አሉ አቶ ሽፈራው። የሂሳብ መምህርቷም አይመስልም አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚህ መሃል የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ጥሩወርቅ ወንበር ሊሰበስቡ ገቡ። ሥዕሉን አዩ፤ ቀና ብለው አቶ ሽፈራውን አዩ።

"ምነው ጌታዬ፣ ሐዘን ደርሶብዎት ነው?" አሏቸው።

አቶ ሽፈራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ታላቅ እህቴ ናት። አርባዋም አልወጣ" አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ እግዜር ያጥናዎ አሏቸው፤ እኛ የተማርነውም ከእሳቸው ሰምተን እግዜር ያጥናዎ አልን።

ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ ነው ማለት ስለማይቻል ውሳኔው ተሻሻለ፤ ከመሰረዝ ወደ ልዩ ማበረታቻ። አንደኛ ልትሆን አትችልም ነበር። የአንደኛው የምስክር ወረቀት ሕንፃውን የሣለው ልጅ ስም ታትሞበት ከጠዋት ጀምሮ አቶ ሽፈራው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ለትርንጎ በእስክሪብቶ ተጻፈላት፤ ስሟ ግን "ትዕግሥት" ተብሎ።

በሦስተኛው ቀን ፈልጋኝ መጣች። ስለ ሽልማቱ መስሎኝ ነበር። የአሮጊቷ ሥዕል ለኤግዚቢሽን ተብሎ መሥሪያ ቤቱ ተወስዷል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ቅዳሜ ድንች ይዘው ሲመጡ ላሳያቸው ቃል ገብታላቸዋለች። እንድትሥላቸው የፈቀዱላት በዚያ ነው።

ዓርብ ሥዕሉን ላስመልስላት መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኤግዚቢሽኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከተበላሸ የፎቶ ኮፒ ማሽን ኋላ ነበር። ሥዕሉን አወጣሁና ለማስፈረም አቶ ሽፈራው ቢሮ ገባሁ። ከወንበራቸው በላይ ያ "የማይመስለው" መልካቸው በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። አንድ ባለጉዳይ ማን እንደሠራላቸው እየጠየቃቸው ነበር።

"የታወቀ ሠዓሊ ነው" አሉት።

ወዲያው እኔን አዩኝ። እኔም እንደ ልማዴ ምንም አላልኩም። ፈረሙልኝ፤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከትርንጎ ጋር መናኸሪያ ሄድን። አሮጊቷ ሥዕሉን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው መረመሩት። መልካቸው ብዙም አላስጨነቃቸውም። "ጆንያው ጢም ብሎ ነበር፤ ምነው አጎደልሽብኝ?" አሏት። ትርንጎ ልክ ነዎት ብላ ከቦርሳዋ ከሰል አወጣችና እዚያው ቁጢጥ ብላ ጆንያውን ሞላችው። በውድድሩ ሁሉ በምክንያት የተሰጠ ፍርድ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ዘንድሮም ዳኛ እንድሆን ደብዳቤ ደርሶኛል፤ "ባለዎት የካበተ ልምድ" ይላል። እምቢ ልል ቆርጬ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰችውን ትርንጎን ባማክራት ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ "ይግቡ መምህር" አለችኝ፤ "ሌላ ሰው ከሚያስገቡ እርስዎ ይሻላሉ። እርስዎ እንኳ አለማወቅዎን ያውቃሉ።"

እየከነከነኝ ገባሁ።