የሐዘን ቤት እንግጫ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በዝናብ ጫካማውን ተራራ ልትወጣ ስትነሳ ድጡንም፣ ጎርፉንም፣ ናዳውንም ደረደርኩላት። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ በአጥሩ በኩል ሰምተው፣ "ሴት ልጅ በዚህ ክረምት ጫካ ትሰደዳለች እንዴ?" አሉኝ። ልቤ ግን ወደ ራሴ የልጅነት ክረምት ሄደ።

ልጃገረድ ሳለሁ መንደራችን ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። በእኛ አገር በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ይጎነጉኑና በማግስቱ በቤቱ ምሰሶና በወላጆቻቸው ራስ ላይ ያስራሉ። አባቴ ረጅም ስለነበር በየዓመቱ ጎንበስ ብሎ፣ "እሰሪልኝ እንጂ፣ ዓመቱ ሳያመልጠኝ" ይለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ግን ከፋሲካ በኋላ ቀበርነው። ጳጉሜን ሲገባ አክስቴ፣ "ሙት ዓመቱ ሳይደርስ የሐዘን ቤት እንግጫ አይታሰርበትም። ሰው ምን ይላል?" አለች። እናቴ ጥቁር ሻሿን ሳብ አደረገች። አዲሱ ዓመት የእኛን ቤት ብቻ ዘሎ የሚያልፍ መሰለኝ።

በዋዜማው ጓደኞቼ እየዘፈኑ ወደ መስኩ ወረዱ። እኔ ሰው እንዳያየኝ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው ረግረግ በጫካው በኩል ወጣሁ። ኮንጎ ጫማዬ ጭቃውን አልይዝ ሲለኝ አውልቄ አንጠለጠልኩት። ዝናቡ ቢያባራም ኮሶውና ወይራው ያንጠባጥቡብኝ ነበር። ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። ከላዬ ጉሬዛ ሲዘል ደንግጬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ኪሴ ውስጥ የገብስ ቆሎ ነበረኝ፤ ስቆረጥመው የገዛ ጥርሴ ድምፅ ሰው አብሮኝ ያለ አስመሰለልኝ። ዛሬም ስፈራ ቆሎ እፈልጋለሁ።

እንግጫዬን ነቅዬ ስመለስ አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ከየት ነው?"

"ከጫካው።"

"ዓይን አውጣ! አባትሽን እንኳ አታፍሪም?"

"አባዬ ቢኖር ጎንበስ ይልልኝ ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት የጎነጎንኩትን ምሰሶው ላይ አሰርኩ። አክስቴ ልትፈታው እጇን ስትዘረጋ እናቴ፣ "ተይው" አለቻት። ከዚያ ጥቁር ሻሿን ሳታወልቅ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

ያን ጊዜ አክስቴን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም። ሰው ያለውን ብሎ ሲያበቃ ምሰሶው ላይ ያለው እንግጫ ገና አልደረቀም ነበር።

ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። እትዬ ዘውዴ አሁንም በአጥሩ በኩል ያዩኛል።

"እየፈራሁም ሰድጃታለሁ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ቆሎዬን ይዤ፣ ተራራው ከሚታይበት በኩል ተቀመጥኩ።